ባሕር ያለው ሰው

አጂፕ ይሉታል ሰፈሩን፣ በነዳጅ ሻጭ ስም፤
ሻጩ ድሮ ሄዷል፣ ስሙ ግን አልሄደም።
ባጃጄን እየገፋሁ መግሪብ ላይ ደረስኩ፤
መቶ አሥራ ሰባት ብለው በጠመኔ ጻፉብኝ፣ ተሰለፍኩ።

ከሻይ ቤቱ በረንዳ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ
ስለ ባሕር ያወራል፣ ሌላ ወሬ ጥሎ፤
አንዱ ባለ ከረባት ካርታው ላይ ጣት ቀስሮ፣
«ሦስት ሺህ ሜትር ነው» ይላል «የዚህ ቦታ ቁፋሮ፤
ዘይቱ የማን ይሁን? የማን ነው ድንበሩ?»
ሌላው ዓሣ ያነሣል፤ ይጦፋል ክርክሩ።
እኛ ባሕር የሌለን፣ ወደብ የሌለን ሰዎች፣
አንጋጠን እናያለን፣ የሰው ድግስ አድማቂዎች።
ብቻ እዚያ ማዶ፣ ማዕበሉ ላይ፣ አንዱ ሲያስነጥሰው፣
እዚህ ሂርማታ ገበያ ድንቹ ነው የሚያተኩሰው።
«ማስተካከያ» ይሉታል ዋጋውን ሲሰቅሉት፤
ልብሱን ትተው እኛን ነው በልኩ የቆረጡት።

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ አባ ፊጣ ይባላሉ፣
ቢጫ ጀሪካን ታቅፈው እንደ ልጅ ያባብላሉ።
ጀሪካን ክልክል ነው፣ ያለ ደብዳቤ አይቀዳም፤
ሦስት ማኅተም ይዘዋል፣ አንዱም ግን አይረዳም።
«ናፍጣ ነው የምሻው፣ ለወፍጮዬ ጉሮሮ፤
ባሕርማ እኔም አለኝ» አሉ፣ ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ግልገል ጊቤ ሲገደብ ማሳዬ ሰጠመ፤
የሾላዬ አናት አንድ ክረምት ታየ፣ ከዚያ ደከመ።
ጉድጓዴ፣ በረቴ፣ የአባቴ መቃብር፣
ሁሉም ከታች አለ፣ ከዚያ ከኔ ባሕር።
ዓሣ ይመላለሳል በበቆሎዬ ትልም፤
ካሣ ሰጡኝ፣ በላሁት፤ ካሣ ዘር አይሆንም።
ብርሃን ይሆናል አሉኝ። ሆነ። አልዋሹኝም፤
ሽቦው በቤቴ ላይ ያልፋል፣ ወደ ቤቴ ግን አይወርድም።
ሌሊት እንደ ንብ ቀፎ እም ይላል በጣራዬ፤
ማሩን የሚቆርጠው ግን ሌላ ነው፣ ልጅዬ።
ትራንስፎርመር ስጡኝ ብዬ ስንት ዓመት ደጅ ጠናሁ፤
በኔ ባሕር ሰው በራለት፣ እኔ በሰው ባሕር ፈጨሁ።»

ከሌሊቱ ስምንት ላይ ቦቴው መጣ አጓርቶ፣
የስንቱን በረሃ አቧራ በትከሻው አንግቶ።
ሰልፉ ነቃ፣ ሞተሩም ሰውም ሳለ፣
አንዱ አላሁ አክበር፣ አንዱ እልል አለ።
ሸምሲያ ቀጂዋ ጓንቷን አጠለቀች፣
ቱቦውን አነሣች፣ ቁጥሩን ዜሮ አደረገች፤

መብራት ጠፋ።

ቴሌቪዥኑ ከነባሕሩ፣ ጂረን ከነተራራው ጠፋ።
ነዳጁማ ሞልቷል፤ ፓምፑ ነው መብራት የሚሻ፤
ጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ ናፍጣው ፓምፕ፤ የት ይያዝ መጨረሻ?
ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤
ሳቁ ሰልፉን አዳረሰ፣ ሂዶ ሂዶ አለቀ።
አባ ፊጣ ብቻ ጀሪካናቸውን ወዘወዙ፤
ከታች ጥቂት ተንቦጫቦጨ፤ ሰምተው ተከዙ።
«አንድ ሊትር ትሆናለች፣ ለነገ ያልኳት ነበረች»
ብለው ሰጧት ለሸምሲያ፤ ተቀብላ ሮጠች።
ሦስቴ አስሎት፣ በአራተኛው ተነሣ ጄኔሬተሩ፤
እስኪነጋጋ ተቀዳ፣ ተቀነሰ ቁጥሩ።

የኔ ተራ ደረሰ፤ ቀዳሁ። የእሳቸው ደረሰ።
ደብዳቤውን አየች ሸምሲያ፤ ድምፅዋ አነሰ፦
«ይህ የትናንት ነው፣ አባቴ። ለዛሬ ሌላ ይጻፋል።»
ፖሊሱ ቆሞ ያያል። ካሜራው ያያል።
ቤንዚን ናፍጣ አይሆን፣ ከኔ ይውሰዱ አልላቸው፤
እስከ ሰርቦ መንገድ ጫፍ ባጃጄ ላይ ጫንኳቸው።

ከተማው እንደ ጨለመ ነው። ትልቁ ምሰሶ ሥር ስንደርስ፣
«አጥፋው» አሉኝ ሞተሩን፤ «ነዳጅ በከንቱ አይፍሰስ።»
አጠፋሁ።
ሽቦው ከላይ እም ይላል።
ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅንም።
አባ ፊጣ የጀሪካናቸውን ክዳን ፈቱ፣
አፉን ወደ ሰማይ አድርገው ያዙት፣
ዝናብ እንደሚያጠራቅም ሰው።